ፈንጂ የተባለው የሙዚቃ ሣጥን

ስለ ደርግ ዘመን ሲነሣ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ ጦር ሜዳ ወይም ስለ እስር ቤት ነው። እኔ የማወራችሁ ስለ አንድ የእንጨት ሣጥን ነው። ነገሩ የሆነው አሰላ ከተማ ውስጥ፣ በአንዲት ቅዳሜ ነው። ያቺን ቅዳሜ ከጀመርኳት በኋላ ሳልለወጥ አልጨረስኳትም፤ ስለዚህ ታገሡኝና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ ሳጉሬ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ዓርብ ከክፍል ስወጣ አውቶቡስ ካገኘሁ በአውቶቡስ፣ ካላገኘሁ እህል በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ተጠግቼ አሰላ እገባለሁ። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። ቤት ውስጥ የቀሩት አባቴ አቶ በቀለ ብቻ ናቸው። ታላቅ ወንድሜ ሰሎሞን ከቤት ከወጣ ወራት አልፈውታል። የት እንዳለ አናውቅም፤ ሰው ሲጠይቀን “ሥራ ፍለጋ ሄዷል” እንላለን። የጠየቀንም ሰው “እግዜር ይርዳው” ብሎ ፈጥኖ ወሬ ይቀይራል።

አባባ ዕድሜያቸውን የፈጁት ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። የወፍጮው ባለቤት ሙሴ ኒኮላ የሚባል ግሪክ ነበር። ወፍጮው ሲወረስ ሙሴ ኒኮላ ወደ አገሩ ሄደ። ሲሄድ አንድ ሣጥን አባባ እጅ ላይ ጥሎ፣ “እስክመለስ በአደራ” አላቸው። አልተመለሰም።

ሣጥኑ ጥቁር ቡኒ እንጨት ነው፤ ትልቅ የልብስ ሻንጣ ያህላል። ክዳኑን ስትከፍቱት ከውስጥ በኩል ሲደንሱ የተሣሉ ሴቶች አሉበት። ከሥር የብረት ሰሃን ተጋድሟል። ዙሪያውን በትንንሽ ቀዳዳዎች የተበሳሳ፣ ከየቀዳዳው ሥር ደግሞ ወደ ታች የታጠፈ እሾህ የመሰለ ብረት የወጣበት ሰሃን። የሰፈሩ ሰው “የሙሴው ሸክላ” ይለው ነበር፤ ሸክላ ግን አይደለም። እኔና ሰሎሞን ልጆች ሳለን በበዓል ቀን አባባ ሰሃን እንድንቀይርበት ይፈቅዱልን ነበር። እንዴት እንደሚሠራ ያወቅሁት ያኔ ነው።

በዚያ ሰሞን መሣሪያም ሆነ ጥይት ያለው ሰው እንዲያስረክብ በድምፅ ማጉያ ታውጆ ነበር። ቀነ ገደቡ አልፏል። ከዚያ በኋላ የሚገኝበት ሰው “እርምጃ ይወሰድበታል” ተብሏል። እርምጃ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያውቀዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ልብስ አጥቤ ሳሰጣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ተፈራና ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ናቸው። አንደኛው ሁሴን ነው፤ ከእኛ ቤት ትንሽ ራቅ ብሎ የሚኖር፣ ረጋ ያለ ሰው። ሌላኛውን አላውቀውም፤ ወጣት ነው፤ ጠመንጃውን ከትከሻው አያወርድም።

“አሰሳ ነው፣ አቶ በቀለ” አለ ጓድ ተፈራ። “ሁሉም ቤት ነው የምንገባው።”

“ግቡ፣ ቤታችሁ ነው” አሉ አባባ።

ፍራሽ ገለበጡ፤ የዱቄት በርሜል ውስጥ ዱላ ከተቱ። ቀጥሎ ጓዳ ገብተው ጨርቅ የለበሰውን ሣጥን አገኙት። ወጣቱ ጨርቁን ገፎ ክዳኑን ከፈተና ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነውን ሰሃን ሲያይ ወደ ኋላ አለ።

“ይሄ የመገናኛ ሬዲዮ ነው።”

“ሙዚቃ ነው፣ ልጄ” አሉ አባባ። “ይሞላል፤ ከዚያ ይጫወታል። ምንም የለውም።”

ወጣቱ ከጎኑ ያለውን ማዞሪያ ይዞ ማዞር ጀመረ። አዞረ፣ አዞረ፣ አላቆም አለ። አባባ “ይበቃዋል፣ ሞላው ይበጠሳል” ቢሉም አልሰማቸውም። ሞልቶ ሲያበቃ ደግሞ ሥሩን ለማየት ሣጥኑን በአንድ ጎኑ አቆመው። ከውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ሲወድቅ ሁላችንም ሰማን። መልሶ አስቀምጦ ማስነሻዋን ሲነካት ሰሃኑ ትንሽ ተንቀሳቀሰና ቆመ። ከውስጥ የታፈነ ሲጥሲጥታ ብቻ ይሰማል። ወጣቱ ተናደደ መሰለኝ፣ ቢላዋ አውጥቶ ብሎኑን ሊፈታ ጎንበስ አለ።

ይሄኔ አባባ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። “አትፍታው፤ ሞላው ተወጥሯል። አሁን ከፈታኸው ይፈነጠራል።”

ይፈነጠራል ነው ያሉት። ወጣቱ የሰማው ግን ይፈነዳል ብሎ ነው። ቢላዋውን ጥሎ ከጓዳ ወጣና ግቢው መሐል ቆሞ “ፈንጂ ነው፤ ራሱ አምኗል” አለ። ጓድ ተፈራም እየሮጠ ከግቢው ወጣ። ሁሴን ብቻ አልሮጠም፤ ቢሆንም እሱም ከበሩ አልፎ ቆመ።

ይፈነጠራል ነው ያልነው ብለን ብናስረዳ የሚሰማን ጠፋ። በመጨረሻ ጓድ ተፈራ ከአጥሩ ማዶ ሆኖ ወሰነ። ሣጥኑ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ የሚሸከሙት ደግሞ እኔና አባባ ነን።

ያንን መንገድ መቼም አልረሳውም። አባባ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ይዘነዋል። አብዮት ጠባቂዎቹ ከኋላችን በሩቁ ይከተላሉ። የጋሪ ነጂዎች ፈረሳቸውን ወደ ጎን ይጎትታሉ፤ እናቶች ልጆቻቸውን እየጠሩ በር ይዘጋሉ። የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። አባባ ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ይሉኛል፦ “ቀጥ አድርገሽ ያዢው። እንዳታዘነብዪው።” ለሙሴው አደራ ሲጨነቁ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሣጥኑን ግቢው መሐል አስቀመጥን። አባባን የማዳበሪያ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ቆለፉባቸው። ሰዉ ሁሉ አጥሩን ተደግፎ ይጠብቃል። ከክፍለ ሀገሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ሻምበል እንዲመጣ ተልኮበታል፤ እስኪመጣ ድረስ ሣጥኑን የሚነካው የለም።

ያን ሁሉ ሰዓት ስጠብቅ አንድ ሐሳብ አልለቅ አለኝ። ሣጥኑ በአንድ ጎኑ ሲቆም ቀጭ ያለው ምንድን ነው? ሰሎሞን ከመሄዱ በፊት በነበሩት ሳምንታት ጓዳ ውስጥ ብቻውን ይቀመጥ ነበር። ሁሴን በር ላይ ቆሞ ነበርና ጠጋ ብዬ፣ “አባቴን ላናግራቸው” አልኩት። አካባቢውን ቃኘና ፊቱን ወደ ሌላ አዞረልኝ።

ክፍሉ ሽቦ የተወጠረባት ትንሽ መስኮት አለችው። አባባ መጡ።

“አባባ፣ ውስጡ ምን አለ?”

“ሙዚቃ ነው ያለው።”

“ሰሎሞን ያስቀመጠው ነገር የለም?”

ዓይኔን ትኩር ብለው አዩኝ። “ምንም” አሉ።

ልቤ ተመለሰ። አባባ ዋሽተውኝ አያውቁም።

ሻምበሉ ከምሳ በኋላ በላንድሮቨር መጣ። ቀጭን፣ የሚያስለው ሰው ነው። አልጮኸም። ጓድ ተፈራ ያወራውን ሁሉ ሰምቶ ሲጨርስ፣ “ይህን ዕቃ ማነው የሚያውቀው?” አለ።

“አባቴ ናቸው” አልኩ። “እሳቸው ከተፈቱ አሁኑኑ ያጫውቱታል።”

“ፈንጂም ከሆነ የሚያውቀው ሰው ሊያፈነዳው ይችላል። አንቺስ ታውቂዋለሽ?”

“አውቀዋለሁ።”

“እንግዲያው አንቺ ነሽ የምትከፍቺው። ዘፈን ካወጣ አባትሽን ይዘሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ካላወጣ ወታደሮቼ ከሩቅ ይተኩሱበታል፤ ከዚያ በኋላ ከሽማግሌው ጋር እንነጋገራለን።”

ግቢው ውስጥ ብቻዬን ሄድኩ። በአጠገቡ ሳልፍ ሁሴን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “ኢንተላ ኮ፣ ሂን ሶዳቲን” አለኝ፤ ልጄ፣ አትፍሪ ማለቱ ነው። አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ፤ የፈራሁት ግን ዕቃው ተበላሽቶ እንዳይሆን ነው እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

ተንበርክኬ ክዳኑን ከፈትኩ። መጀመሪያ ማስነሻዋን ወደ ማቆሚያው መለስኳት። ሰሃኑን ከላይ ተጭኖ የሚይዘውን የብረት ዘንግ ፈትቼ ወደ ጎን አደረግሁ። ሰሃኑን በሁለት እጄ አንሥቼ ከሥሩ ያለውን አየሁ።

ዳር ላይ፣ ከጥርሳም መዘውሩ አጠገብ ትንሽ ማራገቢያ አለች። ስትሽከረከር አየር እየገፋች ሞላው በአንድ ጊዜ እንዳይፈታ የምታደርገው እሷ ናት። ማራገቢያዋ ቆማለች። ያስቆማት በክንፏና በብረቱ መሐል የተሰነቀረ ጥይት ነው።

ዓይኔን ዝቅ ሳደርግ ደግሞ በብረቱና በእንጨቱ መሐል ባለው ክፍተት ግራጫ ሱፍ አየሁ። ለሰሎሞን በገዛ እጄ የሠራሁለት ካልሲ ነው። እስከ ላይ ጥይት ሞልቶበታል፤ አፉ ላይ የታሰረው ክር ላልቷል።

ሻምበሉ ከኋላዬ “ምን ሆነ?” አለ።

“አቧራ ነው” አልኩ። ጎንበስ ብዬ እፍ እያልኩ ጥይቱን በሁለት ጣቴ ሳብኩት። አልመጣም። ማራገቢያዋን ወደ ኋላ ገፋ አድርጌ ደግሜ ሳብኩት፤ ወጣ። የሹራቤ እጅጌ ውስጥ አስገባሁት። ብረቱ ክንዴ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል። ክርኔን አጠፍ አድርጌ ካልያዝኩ ይወድቃል፤ ስለዚህ ግራ ክንዴን ወደ ሆዴ አስጠግቼ ያዝኩት።

ሰሃኑን መለስኩ፣ ዘንጉን ቆለፍኩ፣ ማስነሻዋን ለቀቅሁ።

ዘፈነ። የፈረንጅ የዳንስ ዜማ ነው፤ ደወል የሚመስል፣ ጥርት ያለ ድምፅ። አጥሩ ጋ ያለው ሰው ሳቀ፤ አንዲት ሴት እልል ልትል ጀምራ አፏን ያዘች። አበቃ ብዬ ነበር። ሻምበሉ ግን መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

“ይሄ ያለ ኤሌክትሪክ፣ ያለ ባትሪ ነው? እንዴት ነው የሚሠራው?”

ዓይኑ ከላይ እንዳይወርድ ማድረግ ነበረብኝ። ሳጉሬ ያሉትን ተማሪዎቼን እንደማስተምር ሆንኩ። “ማዞሪያው ሞላውን ያጠብቀዋል፤ ሞላው ሲላላ ሰሃኑን ያዞረዋል” አልኩት። “እዚህ ይዩ፣ ጓድ ሻምበል። ሰሃኑ ሥር ያሉት እሾሆች ሲዞሩ እነዚህን ኮከብ የሚመስሉ ትንንሽ መዘውሮች እየገፉ ያልፋሉ። ኮከቡ ሲዞር ደግሞ ከአጠገቡ ያለውን የሚዶ ጥርስ ይነካል። ሚዶው ብረት ነው። ረጅሙ ጥርስ ወፍራም ድምፅ ያወጣል፣ አጭሩ ቀጭን። እሾሁ የት እንዳለ ነው ዜማውን የሚወስነው፤ ሌላ ሰሃን ቢደረግ ሌላ ዘፈን ነው።”

“ሌላ አድርጊ እስቲ።”

ሣጥኑ ዳር ከተሰኩት ሰሃኖች አንዱን አውጥቼ ስቀይር እድሉን አገኘሁ። የማራገቢያዋ ክንፎች ይዘረጋሉ፤ ሲዘረጉ አየር ይይዛቸውና ዜማው ይዘገያል፣ ሞላውም ቶሎ አያልቅም። ሰሎሞን በልጅነቱ ሊያሾፍብኝ እንደዚያ ያደርገው ነበር። በአንድ እጄ በያዝኩት ሰሃን ከልዬ፣ በሌላው ክንፎቹን እስከ መጨረሻው ዘረጋኋቸው።

ሁለተኛው ሰሃን ተጀመረ። ዝግ ያለ፣ የሐዘን ዜማ የሚመስል ሆነ። የሚስቁት ዝም አሉ። ሻምበሉ ግን ዘፈኑን አይሰማም፤ ጎንበስ ብሎ የሣጥኑን ሥር በጣቱ አንኳኳ።

“ከዚህ በታች ባዶ ነው?”

“ድምፁን እንዲያጎላ ነው፤ እንደ ክራር ሆድ።”

“ክፈቺልኝ።”

“እከፍተዋለሁ” አልኩ። “ሞላው እስኪያልቅ መጠበቅ ብቻ ነው። ተወጥሮ ሳለ ብሎኑ ከተፈታ ሰው ይጎዳል። ጠዋት አባቴ ሲሉ የነበረው ይሄን ነው።”

“እንጠብቃለን” አለና ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ።

እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ፣ ክንዴን ሆዴ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ወጣቱ ጠዋት ሞላውን እስከ ጥግ አጥብቆታል። ሰሃኑ ይዞራል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። በየዙሩ የሚዘገይ ይመስለኛል። አንድ ጥርስ ተነክቶ ቀጣዩ እስኪነካ ድረስ ትንፋሼን እይዛለሁ። ወደ መስኮቷ ዞር ስል አባባ ሽቦውን በሁለት እጃቸው ይዘው ያዩኛል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ጸሎት ነው መሰለኝ።

ከጭላሎ ተራራ በኩል ደመና ሲወርድ ቆይቷል። ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ ወፍራም ጠብታዎች ቆርቆሮው ላይ ሲያርፉ ተሰሙ። የሻምበሉ ሹፌር መጥቶ፣ “ጌታዬ፣ ዛሬ ዲክሲስ ካልደረስን ከዚህ በኋላ መንገዱ ጭቃ ነው” አለው።

ሻምበሉ መጀመሪያ ወደ ሰማይ፣ ቀጥሎ ወደ ሣጥኑ ተመለከተ። ሰሃኑ አሁንም ይዞራል።

“ይሄ መቼ ነው የሚያልቀው?”

“እኔ እንጃ። ብዙ ነው የሞሉት” አልኩ። ይህ እንኳን እውነት ነበር።

ትንሽ አሰላሰለ። አሳለና ተነሣ። “ሽማግሌውን ልቀቋቸው” አለ ለጓድ ተፈራ። “ሁለተኛ ደግሞ ለልጅ መጫወቻ አትጥሩኝ።” ላንድሮቨሩ ሲወጣ ዝናቡ ጠነከረ።

ሁሴን “ልሸከምላችሁ” ቢለኝም እምቢ አልኩ። እንደመጣነው ከአባባ ጋር በሁለት በኩል ይዘን በዝናብ ተመለስን።

ቤት ገብተን አባባ በሩን ዘጉ። እኔ እጅጌዬን አራገፍኩና ጥይቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። አልደነገጡም። አዩትና ቀስ ብለው ተቀመጡ።

“ካልሲው ተፈቷል ማለት ነው” አሉ።

እኔም ተቀመጥኩ። “ያውቁ ነበር?”

“ሰሎሞን ከሄደ በኋላ አገኘሁት። ላስረክብ ብል ከየት አመጣኸው ይሉኛል፤ ልጥል ብል መንገዱ ሁሉ ፍተሻ ነው። እዚያው ተውኩት።”

“በመስኮቱ ጠየቅሁዎት እኮ፣ አባባ።”

“ጠየቅሽኝ። ነግሬሽ ቢሆን ያ ሰው ከፊትሽ ላይ ያነበው ነበር። ስላላወቅሽ ቀጥ ብለሽ ሄድሽ።”

“ቢያገኙትስ?”

“የእኔ ነው እል ነበር።”

“በእኔ እጅ ነበር የሚያገኙት።”

ጥይቱን ከጠረጴዛው አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ። በማግስቱ ወፍጮ ቤት ሄዱ፤ ከትናንቱ በኋላ የሚፈትሻቸው አልነበረምና ካልሲውን ከነጥይቱ የወፍጮ ቤቱ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጥለው ተመለሱ። ሰኞ ማለዳ ወደ ሳጉሬ ሄድኩ። ጥቁር ሰሌዳው ፊት ስቆም ጠመኔው ከእጄ ይወድቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የማንንም “ምንም የለም” አላምንም ነበር። ሐኪም “ደህና ነሽ” ሲለኝ ሌላ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ። ባገባሁ ጊዜ ባለቤቴን አስቸግሬዋለሁ፤ የዘገየበትን ምክንያት ሦስቴ ሳይነግረኝ አላርፍም። ይህ የቀኑ መጥፎ ፍሬ ነው። ደግ ፍሬም አለው። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲታፈስ የአንዲት ጓደኛዬ ልጅ ቤታችን ተደብቆ ነበር። ልጁን ከማስገባቴ በፊት ባለቤቴንም ሠራተኛችንንም አስቀምጬ፣ ቢገኝ ምን እንደሚደርስብን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። “የሚፈራ ካለ አሁን ይበል፣ አልቀየመውም” አልኩ። ማንም አልፈራሁም አላለም። ሁለቱም ግን “ይግባ” አሉ።

ሰሎሞን ደርግ ከወደቀ በኋላ ተመለሰ። ይህን ታሪክ ሳጫውተው ግንባሩን ቋጥሮ ሰማኝና፣ “የቱ ጥይት?” አለኝ። ረስቶታል። እኔ በየሌሊቱ በሕልሜ የማየውን እሱ ረስቶታል። አልተጣላሁትም፤ እሱም የተሸከመው ሌላ ብዙ ነገር እንዳለ ፊቱ ይናገራል።

አባባ ካረጁ በኋላ ከእኔ ጋር ኖሩ። አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሳለ፣ ማንም ሳያነሣባቸው ጠየቁኝ።

“ያን ቀን በመስኮቱ ነግሬሽ ቢሆን፣ ትሄጂ ነበር?”

ብዙ ዓመት ያሰብኩበት ነገር ስለሆነ መልሱ አልቸገረኝም። “እሄድ ነበር” አልኳቸው። “እየተንቀጠቀጥኩም ቢሆን እሄድ ነበር።”

እናንተ የምታነቡት ልጅ ያላችሁ ከሆናችሁ፣ ልጃችሁ ምን መሸከም እንደሚችል ከእናንተ ይልቅ እሱ እንደሚያውቅ አስቡ። አባባ ይህን የተረዱት ያን ከሰዓት ይመስለኛል፤ ፊታቸውን ከፀሐዩ አዙረው፣ እጄን ፈልገው ይዘው፣ “እንግዲያው ልነግርሽ ይገባኝ ነበር” አሉ።